አክስት ብራንዲ አርግዛለች!

የልጅ ልጆቼ የሚወዱት «ብሉዊ» የተሰኘ የአውስትራሊያ የካርቱን ተከታታይ ፊልም አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታይ የአንድ የውሾች ቤተሰብ ታሪክ ነው። አንዱ ክፍል ብዙ ጊዜ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የወጣው ግን 28 ደቂቃ ነበር። ልጆቹ ስለ ሠርጉ ሲያወሩ እናቶቻቸው የያዙት ሌላ ወሬ ነበር፤ አክስት ብራንዲ አርግዛለች!

ቀደም ባለ ክፍል ብራንዲ ከእህቷ ቤት ለረጅም ጊዜ የቀረችበትን ምክንያት እናት ለልጇ ትነግራታለች። ከምንም በላይ የምትመኘው ነገር አልሆነላትም። በግልጽ ባይባልም ተመልካቹ ገብቶታል።

«ታክማ ነው» አለች አንዷ ልጄ። «የለም፣ ተአምር ነው» አለች ሌላዋ። እኔን የከነከነኝ ግን የቀረችባቸው ዓመታት ናቸው። በነርስነት ዘመኔ፣ ቡና ላይ «ምነው ዘገየሽ?» መባልን ፈርተው ከዘመድ የራቁ ብዙ ሴቶች አጋጥመውኛል። የካርቱኗ እናት ልጇን አልዋሸቻትም፤ እህቷንም አላሳጣችም። እኛ ይህ ይከብደናል።

ውድ አንባብያን፣ አንድ ዓመት ሞክረው ያልሆነላቸው ባልና ሚስት አብረው ይመርመሩ፤ ሴቷ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ከስድስት ወር በኋላ መሄድ ይሻላል። ችግሩ ከወንዱም ሊሆን ይችላል። ሕክምናውም ቢሆን ለሁሉም አይሳካም፤ የሁሉም ታሪክ እንደ ብራንዲ አያልቅም። ዘመዶች ግን ጥያቄውን ትተን ለቡናው ብቻ ብንጠራት፣ ሳትሸማቀቅ ትመጣለች።