ሰንጢና ባለእጅ

የሰው ጠባይ የሚታወቀው በትልልቅ ሥራው ብቻ አይደለም፤ በየቀኑ በኪሱ ይዞት በሚዞረው ትንሽ ዕቃም ይታወቃል። ስለዚህ ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለ ሰንጢ ነው። ሰንጢ ስል ስለቱ እየታጠፈ በእጀታው ውስጥ የሚገባውን፥ በኪስ የሚያዘውን ትንሽ ቢላዋ ማለቴ ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጀርባው የቆመውን ሠራተኛ ካሰብነው ብዙ ቁም ነገር ይገኝበታል።

የመንዝና የግሼ ደጋ በብዙ ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር የሚያልፍ፥ ሰዉ በገብስና በበግ የሚኖርበት ብርዳም አገር ነው። በእንዲህ ያለው አገር ሰንጢ ለጌጥ የሚያዝ ዕቃ አይደለም። እረኛው የጓሳ ገመድ ይቆርጥበታል፤ የበጉን ኮቴ ያስተካክልበታል፤ ሸንበቆ ቀርጦ ዋሽንት ያበጅበታል። ገበሬው ጠፍር ይሰነጥቅበታል። ወደ መርሐቤቴ ወርደን ወደ ጀማ ቆላ ብንደርስም ሥራው ያው ነው። የቄስ ተማሪውም መቃውን ቀርጦ ብዕር የሚያደርገው በስለት ነው። እንግሊዞችም ትንሿን ሰንጢ እስከ ዛሬ ድረስ «የብዕር ቢላዋ» ብለው ይጠሯታል፤ ምክንያቱም በቀድሞ ዘመን የላባ ብዕራቸውን የሚቀርጡት በእርስዋ ስለ ነበር ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከመጽሐፉ በፊት ብዕሩ፥ ከብዕሩ በፊት ስለቱ፥ ከስለቱም በፊት ብረቱን በእሳት አግሎ የቀጠቀጠው ሰው እንዳለ አስተውል።

እኔ ሰንጢ መሰብሰብ የጀመርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ እንግሊዝኛ ያስተምሩን የነበሩት መምህር አንዲት ትንሽ ሰንጢ ሰጡኝ። በስለትዋ ላይ «ሼፊልድ» የሚል ጽሕፈት ነበረባት። ሼፊልድ ምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፥ «የከተማ ስም ነው፤ ስሙ የተጻፈውም ሠሪዎቹ ስለማያፍሩበት ነው» አሉኝ። ይህች መልስ በልቤ ቀረች። ከዚያ ወዲህ በመሐል ሜዳ ገበያም፥ በመርካቶም፥ አሮጌ ሰንጢ ባየሁ ጊዜ መጀመሪያ የምመለከተው በስለቱ ሥር ያለውን ጽሕፈት ሆነ። ዛሬ ሰባት ሰንጢዎች አሉኝ።

ስለዚሁ ከተማ ጥቂት ልንገራችሁ፤ የእንግሊዝን ነገር ስናገር ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሼፊልድ በሰሜን እንግሊዝ ያለ ከተማ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው ባለቅኔ ቾሰር ከተረቶቹ በአንዱ ውስጥ የሼፊልድ ቢላዋ የያዘ ሰው ስላመጣ፥ የከተማው ስም በዚያን ጊዜም የታወቀ እንደ ነበር እንረዳለን። በ1624 ቢላዋ ሠሪዎቹ በሕግ የታወቀ ማኅበር አቆሙ። እያንዳንዱም ባለሙያ የራሱን ምልክት በማኅበሩ መዝገብ ያስመዘግብ፥ በሚሠራውም ስለት ላይ ይመታ ነበር። ሥራው መልካም እንደ ሆነ ምስጋናው፥ ክፉም እንደ ሆነ ነቀፋው ለባለምልክቱ ነው። ኮከብና መስቀል ምልክቱ የሆነው የጆሴፍ ሮጀርስ ቤት፥ ሙያውን ለማሳየት ሲል በ1822 ስለቱ 1,822 የሆነ ሰንጢ ሠራ። በዚያው ከተማ በ1913 ሃሪ ብሪርሊ የሚባል ሰው የማይዝግ ብረት አገኘ። ሰንጢን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጃቸው ከሚገጥሙት የሼፊልድ ሰዎች መካከል የታወቀው ስታን ሾው በልጅነቱ የጀመረውን ሥራ እስከ እርጅናው ሠርቶ በ2021 ሲሞት፥ አገሩ አስቀድሞ ሜዳልያ ሸልሞት ነበር።

ሰንጢ መሥራትም ቀላል አይደለም። ስለቱ፥ እጀታውና ከጀርባ ያለው ሞላ በልክ መስማማት አለባቸው። ሞላው ከጠነከረ ስለቱ ጥፍር ይሰብራል፤ ከላላም ታጥፎ ጣት ይቈርጣል። ስለቱ ሲከፈትም ሲታጠፍም ጠቅ ብሎ እንዲቆም የሚያደርገው የሠሪው እጅ ነው። እጀታው ከአጥንት፥ ከጐሽ ቀንድ፥ ከአጋዘንም ቀንድ ይደረግለታል።

ከሰባቱ ሰንጢዎቼ እጅግ የምወደው ግን ከአያቴ የወረስሁት ነው። አያቴ በራስ አበበ አረጋይ ሥር ከተዋጉት የሸዋ አርበኞች አንዱ ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲወጣ ይህን ሰንጢ ከአንድ የእንግሊዝ ወታደር በሙክት ለወጡት። አንድ ስለት፥ አንድ የቆርቆሮ መክፈቻና እንደ ወስፌ ያለ ሹል ብረት አለው። የስለቱን ቅርጽ እንግሊዞች «የበግ እግር» ይሉታል፤ ጫፉ የተደፈነ ስለ ሆነ ለመቁረጥ እንጂ ለመውጋት አይመችም። ከዓመታት በኋላ እጀታው ተሰነጠቀ፤ ሞላውም ተሰበረ። አያቴም በመንደሩ ዳር ወደሚኖሩት ባለእጅ ወሰዱት። እኒያ ሽማግሌ የበሬ ቀንድ በእሳት አለዝበው፥ በድንጋይ ተጭነው አቀኑት፤ በሞረድም አለሰለሱት። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ሞላ ቀጥቅጠው አወጡለት። ከጥይት ቀለህም ችንካር አበጅተው አጣበቁት። ዋጋቸው አንድ ቁና ገብስ ነበር። ያ ሞላ እስከ ዛሬ ጠቅ ይላል።

እንግዶች በአያቴ ቤት ሲሰበሰቡ ሰንጢው ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ሁሉም «እንግሊዝ መቼም ባለሙያ ነው!» ይሉ ነበር እንጂ፥ የሽማግሌውን ስም አንድም ሰው አያነሣም። ስማቸው የሚነሣው ልጅ ሲታመም ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜም «ቡዳ በላው» ለማለት ነው። የአርባ ዓመት ማረሻና ማጭድ የሠሩልን ሰው በሰርግ ቤት ከደጅ ይቀመጡ ነበር፤ የሚጠጡበትም ዋንጫ ለብቻው ነበር።

እኔም በዚያው አካባቢ ካስተማርሁባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ፥ የእኒህ ሽማግሌ የልጅ ልጅ አራተኛ ክፍል ገባ። ልጆቹ አብረውት ለመቀመጥ እንቢ ስላሉ ሦስት ቀን በግድግዳው ሥር ቆሞ ተማረ። በአራተኛው ቀን የአያቴን ሰንጢ ይዤ ገባሁና፥ «ከዚህ ዕቃ እጅግ ያማረው የቱ ነው?» ብዬ አዞርሁላቸው። ሁሉም ቀንዱን አመሰገኑ፤ የእንግሊዝ ሥራ መስሏቸው ነበርና። እኔም ቀንዱን ያለዘበው፥ ሞላውንም የቀጠቀጠው የማን አያት እንደ ሆነ ነገርኋቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ የገበሬ ልጅ በአግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ እስኪለምዱት ዓመት ፈጀ። ከወላጆችም እኔን ለመክሰስ የመጡ ነበሩ።

ያ ልጅ አደገና ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ብረት በያጅ ሆነ። በሱቁ በር ላይ ስሙን በትልቅ ፊደል ጽፎአል፤ በዚያ የማን ዘር ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ወደ አገሩ ግን አይመለስም። በአያቱ መንደር ዛሬ ወናፍ የሚነፋ ሰው የለም፤ ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱም የግማሽ ቀን መንገድ ይሄዳል።

ይህን ባሰብሁ ጊዜ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ13ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ትዝ ይለኛል። በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ ስላልነበረ ሕዝቡ ማረሻውንና ምሳሩን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር። በእስራኤል ላይ ይህን ያደረገባቸው ጠላት ነው፤ በእኛ ላይ ግን ያደረግነው ራሳችን ነን። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ጉዳት ዐውቀው በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎአል፤ ስድቡ ግን ከአንዳንድ ቤት ገና አልወጣም። አዋጅ አፍን ሊዘጋ ይችል ይሆናል፤ ልብን ግን የሚከፍተው ትምህርት ነው።

ይህን ስል ሼፊልድን እንደ ገነት አድርጋችሁ እንድታዩት አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ ከተማ ስለት የሚያሾሉት ሠራተኞች የድንጋዩንና የብረቱን አቧራ እየሳቡ በሳምባ በሽታ ይያዙ፥ ብዙዎቹም ሳይሸመግሉ ይሞቱ ነበር። በኪስ የሚያብረቀርቀው ስለት በሰው ትንፋሽ የተገዛ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ባለእጅን ማክበር በምስጋና ቃል ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ ተገቢውን ዋጋ መክፈልና ጤናውን ማሰብም ይገባል።

አሁን ስለ አያያዙ ጥቂት ልምከራችሁ። በከተማ ሰንጢ የዱርዬ ምልክት እየሆነ መምጣቱን ዐውቃለሁ። በእንግሊዝ አገር እንኳ ሕጉ ያለ ምክንያት በአደባባይ እንዲያዝ የሚፈቅደው ስለቱ ከሦስት ኢንች፥ ማለት ከ7.62 ሳንቲሜትር የማይበልጠውንና ሲከፈት የማይቆለፈውን ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው። ቁጡ ሰው ሰንጢ ባይዝ ይሻለዋል። ጠብ ባለበትና መጠጥ በበዛበት ቦታም ሰንጢ ከቤት ይቅር። ለሰው ስታቀብሉ ስለቱን አጥፋችሁ፥ አለዚያም እጀታውን ወደ ተቀባዩ አዙራችሁ ስጡ። ከሥራ በኋላ ጥረጉት፤ ማጠፊያውን አንድ ጠብታ ዘይት አጠጡት። የዶለዶመ ስለት ከተሳለው ይልቅ እንደሚያቆስል አትርሱ፤ በዱልዱም ስለት የሚቆርጥ ሰው ኃይል ሲጨምር ያዳልጠዋልና።

ብዙ ሰንጢ መሰብሰብም ግዴታ አይደለም። አንዱን በሚገባ የያዘ ሰው አሥር ገዝቶ ካዛገው ይበልጣል። የተሰበረውን ከመጣላችሁ በፊት የሚጠግን ባለእጅ ፈልጉ። ስታገኙትም ስሙን ጠይቁ፤ ዋጋውን ሳትከራከሩ ክፈሉ፤ ሥራውንም ለሰው ስታሳዩ ስሙን አብራችሁ ተናገሩ። የሼፊልድ ሰው ስሙን በብረት ላይ ይመታል። የእኛ ባለእጅ ስሙን የሚመታበት ማኅተም የለውም፤ ስሙ የሚቀመጠው በእናንተ አፍ ነውና በክብር አንሡት።