በሊኪ ኮረብታ ያገኘናት ትንሿ ኦስቲን

ባለፈው ሐምሌ ልጄንና ቤተሰቡን ልጠይቅ ወደ እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ሄጄ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄ እኔንና የ11 ዓመት ልጁን ይዞ ከከተማዋ በስተደቡብ ወደሚገኘው የሊኪ ኮረብታ ወሰደን። የበርሚንግሃም ሰው ከድሮ ጀምሮ ልጆቹን ይዞ የሚናፈስበት ስፍራ ነው። አናቱ ላይ ሲወጡ ከተማዋ እስከ ሩቅ ድረስ ተዘርግታ ትታያለች።

እኔን ያስቆመኝ ግን መኪና ማቆሚያው ላይ ያየኋት አንዲት ጥቁር መኪና ናት። ጠባብነቷ ለጉድ ነው፤ ሁለት እጄን ብዘረጋ ከግራም ከቀኝም ይተርፈኛል። ፍሬቻዋ መብራት ብቻ አይደለም፤ ሲታጠፉ እንደ ትንሽ ክንፍ ከጎኗ ብቅ ይላል። ባለቤቷ የእኔ እኩያ የሚሆኑ እንግሊዛዊ ናቸው። ልጄ እያስተረጎመልን ተጨዋወትን። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1937 የተሠራች ኦስቲን ሰቨን ናት። ሲገዟት ግማሽ አካሏ በካርቶን ውስጥ ነበር አሉኝ። የዛገውን ላሜራ እየቆረጡ፣ የጠፋውን ብሎን እየፈለጉ፣ ዘጠኝ ዓመት ፈጅተው አስነሷት።

የተወለደችበት ቦታም ሩቅ አይደለም። ከኮረብታው ግርጌ ሎንግብሪጅ የሚባል ሰፈር አለ። ኸርበርት ኦስቲን በ1905 የመኪና ፋብሪካ የከፈቱት እዚያ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ኩባንያው በዕዳ ተይዞ ሊወድቅ ደረሰ። ያን ጊዜ ሰውየው ሞተር ሳይክል ከነጎን ወንበሩ የሚገዛ ቤተሰብ ሊገዛት የሚችል ትንሽ መኪና አሰቡ። የኩባንያው ቦርድ ሐሳቡን አልወደደውም። እሳቸውም ስታንሊ ኤጅ የተባለ የ18 ዓመት ነዳፊ ልጅ ከፋብሪካው ወስደው፣ እዚሁ ሊኪ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አብረውት ነደፏት። እሳቸው ያኔ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

የወጣችው በ1922 ነው። በዚያን ጊዜ የመኪና ግብር የሚከፈለው በፈረስ ጉልበት ስሌት ስለነበር ስሟም ከዚያ መጣ፤ ሰቨን ማለት ሰባት ነው። ሞተሯ ብዙም ሳይቆይ 747 ሲሲ ሆነ። እስከ 1939 ድረስ ወደ 290,000 የሚጠጉ ተመርተው ስንቱን ቤተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ የመኪና ባለቤት አደረጉት።

ይህን እየሰማን ሳለ የልጅ ልጄ እጁን ወደ መኪናዋ ሲልክ አየሁት።

«እንዳትነካ!» ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌው አማርኛ ባይሰሙም ድምፄ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ሳቅ ብለው ልጁን ጠሩት። ከፊት በኩል በእጅ የሚዞረውን የማስነሻ ብረት አስገቡና አጠገቡ ተንበረከኩ። «አውራ ጣትህን አትጠቅልለው፤ ከሌሎቹ ጣቶችህ ጋር በአንድ ወገን ይሁን። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ ጣትህን ይሰብረዋል። ወደ ታች አትጫን፤ ወደ ላይ ሳብ» አሉት። አንዴ ሳበ፤ ዝም። ሁለቴ ሳበ፤ ዝም። በሦስተኛው ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ትር ትር እያለ ተነሣ። ልጁ ዘሎ እኔን ሳይሆን አባቱን አቀፈ።

ልጄ ፀጉሩን እየዳበሰው፣ «አባባ፣ እኔ የአንተን ቮልስዋገን አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም» አለኝ።

የወቀሳ ድምፅ አልነበረውም። ነገሩ ግን እውነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 22 ዓመት የነዳሁት ቮልስዋገን ነበረኝ። የኋላ ክዳኑን ከፍቼ ካንዴላ ስቀይር፣ ፍሪሲዮን ሳስተካክል፣ የልጄ ሥራ ባትሪ መያዝ ብቻ ነበር። «አብራ፣ ወደዚህ አብራ» እለዋለሁ እንጂ መፍቻውን ሰጥቼው አላውቅም። እንዳያበላሽብኝ ነበር የምፈራው። እሱ ውጭ አገር ሲወጣና የእኔም ዓይን ሲደክም መኪናዬ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆመች። በመጨረሻ በብረት ዋጋ ሸጥኳት።

ሽማግሌውን «ከእርስዎ በኋላ ይህቺን ማን ይይዛታል?» ብዬ አስጠየቅኳቸው። የ16 ዓመት የልጅ ልጃቸው ካርቡራተሩን ከእሳቸው በተሻለ እንደምታስተካክል ነገሩኝ። «ሁለቴ አበላሽታዋለች፤ በሦስተኛው ግን ተማረች» አሉ።

ስንመለስ በሎንግብሪጅ አለፍን። በ2005 ኩባንያው ሲከስር በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተበትነዋል፤ ዛሬ ብዙው መሬት ሱቅና መኖሪያ ቤት ሆኗል። መኪኖቹ ግን ተቀባይ ባገኙበት ቤት ሁሉ ይነሣሉ።

በማግስቱ የልጅ ልጄ የብስክሌቱ ካቴና ወልቆበት መጣ። ሦስታችንም ጋራዡ ውስጥ ቁጢጥ አልን። መፍቻውን ለልጄ ሰጠሁት፣ እሱም ለልጁ አቀበለው። ትንሹ እጁ በግራሶ ጠቁሮ፣ ካቴናውን ሁለት ጊዜ በተሳሳተ መንገድ አስገባው። አፌ ላይ የመጣውን ቃል ዋጥኩት። ቦታው ጨለም ያለ ስለነበር በዚህኛው ጊዜ ባትሪ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።