ከግንቡ እስከ ሣሩ፦ የፊላደልፊያ ማስታወሻ

ፌርማውንት ጎዳና

ዘጠኝ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ ከሩቅ ሲታይ የአውሮፓ መሳፍንት ቤተ መንግሥት ይመስላል። ሥሩ ግን ቡና ቤት አለ፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፉ እናቶች አሉ፣ ውሻውን የሚያናፍስ ሰው አለ። ኢስተርን ስቴት ወህኒ ቤት ነው። ከ1829 እስከ 1971 እስረኛ ሲቀበል ኖሮ ዛሬ ቲኬት ተቆርጦ የሚገባበት ሙዚየም ሆኗል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የያዝኩት)።

ፊላደልፊያ የመጣሁት የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ነው። ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የምትሠራው በወንጀል ጥናት ነው። ትምህርት ቤቷን ታሳየኛለች ብዬ ስጠብቅ በቀጥታ ወደ ወህኒ ቤቱ ወሰደችኝ። “ጋሼ፣ መጀመሪያ ይኼን ካላየህ የምማረው አይገባህም” አለች። እናቷ ከሲልቨር ስፕሪንግ በስልክ የምትለው ሌላ ነው፦ “ሰው ልጁን ሕክምና ያስተምራል፤ እኔ ወንጀል አስተምራለሁ።”

ይህን ግንብ ያቆሙት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። በጅራፍ፣ በስቅላትና በተጨናነቀ እስር ቤት የተማረሩ፣ ብዙዎቹ ኩዌከር የሚባሉት ሰላማዊ ክርስቲያኖች፣ በ1787 ማኅበር አቋቁመው አንድ ሐሳብ ያዙ፦ ሰው ብቻውን ከሕሊናው ጋር ቢተው ይጸጸታል። ጆን ሃቪላንድ የተባለው አርክቴክት ያንን ሐሳብ በድንጋይ ሠራው። ከመሐል ካለው ክብ አዳራሽ ረጃጅም ኮሪደሮች በየአቅጣጫው ይወጣሉ፤ ግራና ቀኙ ክፍሎች ናቸው። እያንዳንዱ እስረኛ የራሱ ክፍል፣ የራሱ ማሞቂያ፣ የራሱ መጸዳጃ፣ የራሱ ጠባብ አጥር ግቢ ነበረው። በዚያን ጊዜ የፕሬዚዳንቱ ቤት ገና የቧንቧ ውኃ አልገባለትም ነበር። እስረኛው ያጣው ነገር ሰው ብቻ ነው። ከክፍሉ ሲያወጡት እንኳ ማንንም እንዳያይ፣ ማንም እንዳያየው ፊቱን በጨርቅ ይሸፍኑት ነበር። የመጀመሪያው እስረኛ ቻርልስ ዊልያምስ የሚባል የ18 ዓመት ጥቁር ገበሬ ሲሆን፣ ሰዓት ሰርቀሃል ተብሎ ሁለት ዓመት ተፈርዶበት ነው የገባው።

በሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። የግድግዳው ልስን እየተላጠ መሬቱ ላይ ተከምሯል፤ የዛገ የአልጋ ሽቦ ማዕዘን ላይ ተጥሏል። ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው በተከፈተች አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እስረኛው ቀና ሲል ፈጣሪውን እንዲያስብ ታቅዶ የተሠራ ነው ይላሉ። ቻርልስ ዲክንስ በ1842 መጥቶ አይቶት አሠራሩን በብርቱ ኮንኖ ጽፏል። በይፋ የተተወው ግን በ1913 ነው።

እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ያሰብኩት ቁራኛን ነው። ለልጅቷ ነገርኳት፦ በድሮው የእኛ ዳኝነት ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር፤ ፍርድ እስኪሰጥ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ።

“ከሳሹም?”

“ከሳሹም። እንዳያመልጥ የሚጠብቀው ራሱ ነዋ። መንግሥትም ዘብ አይቀጥርም፣ ቀለብም አይሰፍርም።”

ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። አንዱ አገር የተፈረደበትን ከሰው ሁሉ ነጥሎ፣ ሌላው ተከሳሹን ከማይወደው ሰው ጋር አጣብቆ። ምረጥ ብባል የቱን እንደምመርጥ እንጃ፤ ለእንቅልፍ ስል ምናልባት ግንቡን።

ብሮድ ጎዳና

ሴሲል ቢ ሙር ጣቢያ ከምድር ባቡር ወርደን ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ግቢ ገባን። አስተማሪዋ ፈቅዳልኝ የአንደኛ ዓመቶች ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የተከታታይ ገዳዮችን ታሪክ በቴሌቪዥን አይታችሁ የመጣችሁ እጃችሁን አውጡ አለች። ከግማሽ የማያንስ እጅ ወጣ፤ ሣቅ ሆነ። ቀጥላ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ተከታታይ ገዳይ የሚማሩት በጣም ጥቂት መሆኑን ነገረቻቸው። የሚማሩት የወንጀል ጽንሰ ሐሳብ፣ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት፣ ማረሚያ ቤት፣ የጥናት ዘዴና ስታትስቲክስ ነው። ስታትስቲክስ ስትል ክፍሉ ዝም አለ። የእህቴ ልጅ በጆሮዬ “ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው” አለችኝ።

የዚያን ቀኑ ርእስ ቆጠራ ነበር። ወንጀል በዛ ወይም ቀነሰ የሚል ሰው በምን ቆጥሮ ነው? የፌዴራል ምርመራ ቢሮው ከ1930 ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያዎች የሚልኩለትን ይደምራል። ነገር ግን ፖሊስ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከ1973 ወዲህ ሌላ ቆጠራ ይካሄዳል፦ ጠያቂዎች በየቤቱ “ባለፉት ስድስት ወራት ምን ደረሰብህ?” እያሉ ይጠይቃሉ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ፣ በአብዛኛው ዓመት ከኃይል ጥቃቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፖሊስ ጋ ሳይደርስ እንደሚቀር ታየ። ያ ያልተነገረው ክፍል “ጨለማው ቁጥር” ይባላል። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ “ታዲያ የትኛውን እንመን?” አለ። አስተማሪዋ የመለሰችለት የቤት ሥራ በመስጠት ነው።

የስኩልኪል ወንዝ ማዶ

ከወንዙ ማዶ ባለው የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1972 በዚህ ትምህርት ውስጥ ሳይጠቀስ የማይታለፍ መጽሐፍ ወጣ። ማርቪን ዎልፍጋንግና ባልደረቦቹ በ1945 ተወልደው ከ10 እስከ 18 ዓመታቸው ፊላደልፊያ የኖሩ 9,945 ወንዶች ልጆችን መዝገብ አንድ በአንድ ገለጡ። ሲሶው ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ከፖሊስ ጋር ተገናኝቷል። አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተያዙት ግን 627 ብቻ ናቸው፤ ከመቶ 6 መሆናቸው ነው። ከተመዘገበው ጥፋት ከግማሽ የሚበልጠው በእነዚህ ስም የተጻፈ ሆኖ ተገኘ።

የእህቴ ልጅ ስለዚህ መጽሐፍ ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል። “ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የሆነው ነገር ከዚያ በኋላ ነው” ትላለች። በ1995 ጆን ዲዩሊዮ የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ይህችን ከመቶ 6 ይዞ፣ ርኅራኄ የማያውቁ ልጆች ማዕበል እየመጣ ነው ብሎ ጻፈ። ፖለቲከኞቹ ተቀበሉት፤ በዚያ አሥር ዓመት ብዙ ክፍለ ግዛቶች ልጆችን እንደ አዋቂ የሚዳኝ ሕግ አጠበቁ። ማዕበሉ አልመጣም፤ የወጣቶች ወንጀል እንዲያውም ቀነሰ። ሰውየው ራሱ በ2012 ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቀረበ የምሁራን አስተያየት ላይ፣ ትንበያው መሳሳቱን ከሚገልጹት ጋር ፈርሟል። የኋላው ፊርማ ግን የፊቱን ፍርድ አያነሳም። ይህን ነገር ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ከፊታቸው ተዘርግቶ ማንበባቸው፣ እንደኔ፣ ለዲግሪው ከሚከፈለው ብር ግማሹን ያወጣል።

ሰባተኛው ቀጠና

እዚህ ብዙ አልቆየንም፤ ዝናብ ነበር። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ደብሊው ኢ ቢ ዱቦይስ በ1896 አዲስ ካገባት ሚስቱ ጋር እዚህ ሰፈር ገብቶ፣ የጥቁሮችን ኑሮ ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀ፤ መጽሐፉ በ1899 ታተመ። በዚያው ዘመን ጣሊያን ውስጥ ቼዛሬ ሎምብሮዞ ወንጀለኛ ከመንጋጋውና ከራስ ቅሉ ይታወቃል ብሎ ያስተምር ነበር። ዱቦይስ የራስ ቅል አልለካም። የባርነትን ውርስ፣ ከደቡብ የሚፈልሰውን ሕዝብ፣ ለጥቁር የተዘጋውን የሥራ በር ነው የቆጠረው። ሆኖም የሰፈሩ ካርታ ላይ ቤተሰቦቹን በአራት ደረጃ ከፍሎ፣ ወንጀለኛ ያላቸውን መደብ በጥቁር ቀለም አጥቁሯል። “እሱም ቢሆን ቀለም ቀባ” አለችኝ ልጅቷ፣ ጃንጥላዋን እየዘጋች።

ሰሜን ፊላደልፊያ

ቤቶቹ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ በመሐል አንዱ ይፈርስና የወለቀ ጥርስ ቦታ መስሎ ይቀራል። ከተማዋ እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ በአሥር ሺዎች አላት። አንዱን ቀረብ ብዬ አየሁ፦ የመኪና ጎማ፣ የተቀደደ ፍራሽ፣ ከቁመቴ የሚበልጥ አረም። ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ያለው ሌላ ነው። አፈሩ ተደልድሎ ሣር ተዘርቶበታል፤ ጥቂት ቀጫጭን ዛፎች ተተክለዋል፤ ጉልበቴ ድረስ የምትመጣ የእንጨት አጥር ዙሪያውን ሄዳ ለሰው መግቢያ ትታለች።

አጥሯ ማንንም አታግድም። የምትናገረው “ይህ ቦታ ጠባቂ አለው” የሚለውን ብቻ ነው። የኤፒዲሚዮሎጂና የወንጀል ጥናት ሰዎች ተባብረው 541 ባዶ ቦታዎችን በዕጣ ለይተው ነበር፦ ከፊሉ ሣርና አጥር ደረሰው፣ ከፊሉ ቆሻሻው ተነሥቶ አረሙ ብቻ ታጨደለት፣ ከፊሉ እንደነበረ ተተወ። በ2018 የታተመው ውጤት በድሃ ሰፈሮቹ የጠመንጃ ጥቃት በተስተካከሉት ቦታዎች አካባቢ በ29 ከመቶ መቀነሱን አሳየ። ምክንያቱን የእህቴን ልጅ ስጠይቃት ጎረቤቶች ወንበር አውጥተው መቀመጥ መጀመራቸውን፣ ጠመንጃ የሚደበቅበት አረም መጥፋቱን ነገረችኝ። ማንም አልታሰረም፤ ፖሊስም አልተጨመረም።

ግንቡን ባየሁበት ዓይን ይህችን አጥር አይቼ ጠረጠርኩ፤ ይህም የደጋጎች ሐሳብ ነው። “ለዚህ ነው በዕጣ የሚለየው” አለችኝ። “ኩዌከሮቹ ያላደረጉት ይኼን ነው። አልለኩም።” መልስ አጣሁላት።

መንገድ ላይ ሌላም ነገር ነገረችኝ፤ ለእናቷ እንዳልናገር አስምላ። በሚቀጥለው ሴሚስተር እስር ቤት ገብታ ትማራለች። በ1997 ቴምፕል ውስጥ ሎሪ ፖምፓ የተባለች መምህርት የጀመረችው ፕሮግራም ነው፤ መነሻው ዕድሜ ልክ የተፈረደበት አንድ እስረኛ የሰጣት ሐሳብ ነው። ግማሹ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ፣ ግማሹ እስረኛ፤ በክብ ተሰባጥረው ተቀምጠው አንድ መጽሐፍ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ። የሚጠራሩት በስም ብቻ ነው፣ የአባት ስም የለም። ኮርሱ ሲያልቅ መገናኘት፣ መጻጻፍ ክልክል ነው። እህቴ ይህን ስትሰማ የምትለውን አውቃለሁ፤ እኔም ስለማልኩ ዝም ብያለሁ።

ምዕራብ ፊላደልፊያ

ባልቲሞር ጎዳና አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብተን በየዓይነቱ አዘዝን። አጠገባችን ብቻቸውን የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ብዙ ዘመን ታክሲ ነድተው ያረፉ። ልጅቷ ምን እንደምትማር ጠየቋት፤ ነገረቻቸው።

“ሌባ ሻይ ተምሬያለሁ በይኛ!” አሉ እየሣቁ። ሌባ ሻይ ምን እንደሆነ ለእሷ ማስረዳት የእኔ ሥራ ሆነ፦ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ወጥቶ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የሚያዝበት የድሮ ዘዴ። “ከሎምብሮዞ ይሻላል፣ ቢያንስ መንጋጋ አይለካም” አለች። ከዚያ ሽማግሌው እንጀራዋ ምን እንደሚሆን ጠየቁ። የአመክሮ ተቆጣጣሪ፣ የፍርድ ቤት ሠራተኛ፣ ለተጎጂዎች የሚቆም ድርጅት፣ ወይም ሕግ ትምህርት ቤት መቀጠል፣ ብላ ዘረዘረች። ጥሩ ደሞዝ ያለው የትኛው እንደሆነ ሲጠይቋት የመጨረሻውን አለች፣ ግን የምትፈልገው የመረጃ ትንተና መሆኑን ጨመረች። አልጣማቸውም።

“እኔን ታክሲ ውስጥ የዘረፈኝን ግን ታገኚልኛለሽ?”

“ለፖሊስ አመልክተው ነበር?”

“ለማን? ቀኑን ሙሉ ጣቢያ ልቆም? መኪናዋ ከቆመች ኪራዩን ማን ይከፍላል? ደግሞስ በዚህ እንግሊዝኛዬ!”

ደብተሯን አወጣች። ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቀች፤ በእጃቸው ይሁን አሏት። በስንት ሰዓት፣ የትኛው መንገድ ላይ፣ ስንት ሰው እንደነበር መጻፍ ስትጀምር ሽማግሌው ጉርሻቸውን ይዘው ቆም አሉ።

“የትኛውን ነው የምትጠይቂኝ? ሦስት ጊዜ ነው የተዘረፍኩት።”