በሽቦ ላይ የተያዘ ድምፅ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በጎንደር ማለዳ የቤተ ክርስቲያን ደውል ከሩቅ ሲደወል ልብ ብላችሁ አዳምጣችሁ ታውቃላችሁን? ብረት ከብረት ሲጋጭ የሚሰማው ምት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ወደ ጆሯችሁ የሚደርሰው ከምቱ በኋላ የሚከተለው ረጅም ድምፅ ነው።

ፈረንሳዊው ፒዬር ሼፌር በ1948 ፓሪስ በሚገኝ ራዲዮ ጣቢያ የሠራበት ብልሃት ከዚህ የራቀ አይደለም (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መጻፌ ነው)። የደውልን ድምፅ በሸክላ ቀርጾ የመጀመሪያውን ምት ቢያስወግድለት፣ የቀረው ድምፅ ደውል አልመስል አለ። በዚያው ዓመት የባቡር ድምፅ ቀርጾ፣ እየቈራረጠና እየደጋገመ ሙዚቃ አደረገው። ይህ ብልሃትና በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መሣሪያዎች፣ ማለት መጀመሪያ ኦንዲዮሊን ኋላም ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ሲገናኙ አዲስ ሥራ ተከፈተ። ለራዲዮ፣ ለፊልምና ለቴሌቪዥን የሚሆኑ አጫጭር ሙዚቃዎች አስቀድመው እየተዘጋጁ በመደርደሪያ ይቀመጡ ነበር፤ ፈላጊ ሲመጣ የሚስማማውን ይመርጣል። ዣን ዣክ ፔሬይማ የንቦችን ድምፅ ቀርጾ፣ ቴፑን በመቀስ እየቈረጠ ንቦቹን ዜማ አስወጥቷቸዋል። ትዕግሥቱን ማድነቅ ነው!

ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ይዘለላል። ከሼፌር 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ ሐሊም ኤል-ዳብህ የተባለ ግብጻዊ ወጣት ካይሮ ከሚገኝ ራዲዮ ጣቢያ የድምፅ መቅረጫ ተውሶ ነበር። መሣሪያው ድምፅን የሚይዘው በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ ነው። ይዞት የሄደው ወዴት ይመስላችኋል? ሴቶች ወደሚዘፍኑበት የዛር ሥርዓት! ከዚያም ወደ ጣቢያው ተመልሶ ዋናውን ድምፅ እያወጣ፣ ከላዩ የሚያንዣብበውን ቀጭን ድምፅ እያስቀረ፣ በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ እያሳለፈ አዲስ ነገር ሠራ። ዛሬ የሚሰማው ቅንጫቢ 2 ደቂቃ ያህል ነው።

ዛር ሲባል የጎንደር ሰው ወይ ይስቃል ወይ ያማትባል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ግን በ1932 ጎንደር ለወራት ተቀምጦ፣ መልካም አየሁ ከተባሉ ባለዛር ቤት እየተመላለሰ ያየውን መዝግቧል፤ በ1958ም ስለዚሁ መጽሐፍ አሳትሟል። ዛርን ወደ ግብጽ ያደረሱት በባርነት የተወሰዱ የሀገራችን ሴቶች ናቸው ብለው የሚያምኑ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ዛር ይመለክ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የማስተምራቸው ልጆች በመሣሪያ የተሠራ ሙዚቃ ሲሰሙ «ይኸ የፈረንጅ ነው» ብለው ሲደመድሙ ዝም ማለት አልችልም።

ኤል-ዳብህ ራሱ በ1962 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር መጣ። አሜሪካ ውስጥ ታላላቅ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ካሉበት ማእከል ሠርቶ የመጣ ሰው፣ በ1963 ያቋቋመው በገና፣ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና እምቢልታ ተጫዋቾችን ባንድነት ያስቀመጠውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ነው። እኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

አንድ ምሽት ያችን 2 ደቂቃ በክፍሌ ሳዳምጥ አከራዬ በሩን ገፋ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይኸ ከዋሻ ውስጥ የሚዘፍነው ማነው?» አሉኝ። የካይሮ ዛር መሆኑን ነገርኋቸው። አማተቡ፤ ግን አልሄዱም። እስኪያልቅ ሰምተው፣ «ሴቶቹስ ማን ማን ይባላሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በሥራው ላይ ያለው የሠሪው ስም ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ ለዕረፍት ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅና ወደ ወገራ ሲሄዱ፣ የአያቶቻቸውን የወፍጮ እንጉርጉሮ በስልካቸው እንዲቀርጹ አዝዣለሁ። ትእዛዙም አንድ ነው፤ ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት ስሟንና መንደሯን ትናገር። እስካሁን 11 ደርሰውኛል። ከዳባት በመጣው ላይ ዶሮ መሐል ገብቶ ጮኋል፤ ተማሪው ቈርጦ ሊያወጣው ፈልጎ ነበር፤ ተወው አልሁት።