ሳይጋጩ መለያየት



ጋምቤላ ከሰማይ የሚወርድ ነገርን የምታውቅ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ። በተከታዩ ዓመት በ2014 የዓለም የምግብ ፕሮግራም የጭነት አውሮፕላኖች ከጋምቤላ እህል እየጫኑ ድንበር ተሻግረው ከአየር ላይ ያወርዱ ነበር፤ በምድር መንገድ መድረስ አልተቻለምና። እህሉ በተደራረበ ጆንያ ታሽጎ ያለ ፓራሹት ይለቀቃል። ከታች ያሉት ሠራተኞች ሜዳው ላይ ሰው እንዳይቀር አስቀድመው ይጠብቃሉ። ጆንያ ራሱን መምራት ስለማይችል ዞር ማለት ያለበት ሰው ነው።

ሰው ግን እየወረደም ቢሆን ራሱን መምራት ይችላል። ዛሬ ልናካፍላችሁ የወደድነው ይህን ነው።

የቤት ኅብረታችን ለዓመታት በአንድ ግቢ ሲሰበሰብ ቆይቷል። አኙዋክ አለን፣ ኑዌር አለን፣ ከደጋ የመጣን አለን። የምንጸልየው በየቋንቋችን ነው፤ ቃሉን የምናጠናው ግን በአማርኛ ነበር። ቁጥራችን ሲበዛ፣ አማርኛ የማይሰሙ እናቶችም ዝም ብለው መቀመጥ ሲጀምሩ፣ በሦስት ቤት እንድንከፈል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡን የሰማ ሁሉ አዘነ። ጋምቤላ ውስጥ «መለያየት» ቀላል ቃል አይደለም። በዚህ ክልል ሰው ከሰው የተለየው ብዙ ጊዜ በደም ነው፤ ቤቱን ጥሎ የሸሸ በመካከላችን አለ። አንዲት እህታችን «እኛም እንደ ሰፈሩ ልንሆን ነው?» ብላ ስትጠይቅ መልስ የሰጣት አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ከእኛ ጋር ያደገ፣ አሁን በውጭ አገር የሚኖር ወንድማችን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልን። በትርፍ ጊዜው ከአውሮፕላን በፓራሹት ይዘላል። ስለ ኅብረቱ የሰማውን ካነሣ በኋላ እንዲህ አለ፦ «እኛ ዘላዮች መለያየትን የምንማረው እንደ ትልቅ ሙያ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘላዮች 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ከአውሮፕላኑ ይወጣሉ። በሆዳቸው ተዘርግተው በሰዓት ወደ 190 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይወርዳሉ። አንድ ደቂቃ ያህል እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ክብ ሠርተው መቆየት ይችላሉ። ደስታው እዚያ ነው። ነገር ግን ተቀራርበው ሳሉ ፓራሹታቸውን ቢከፍቱ አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃል፤ ጨርቅና ገመዱም ይጠላለፋል። ስለዚህ ከመክፈታቸው በፊት እጅ ለቀው፣ ጀርባ ተሰጣጥተው ወደ ጎን ይርቃሉ። ይህን ሙያ «ትራኪንግ» ይሉታል። ፓራሹት ሳይኖር፣ በሰውነት አቋም ብቻ አየሩን እየተንሸራተቱ መራቅ ማለት ነው። ያላቸው ጊዜ አሥር ሰከንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ወንድማችን እንደነገረን፣ ጀማሪ ቶሎ ለመራቅ ሲቸኩል ጭንቅላቱን ወደ ታች ይደፋል። የሮጠ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ወደ ጎን የሚሄደው ጥቂት ነው፣ ወደ ታች የሚጠፋው ከፍታ ብዙ ነው። አሠልጣኙ ያረመው በዚህ ቅደም ተከተል ነበር። በመጀመሪያ ከመካከሉ ሙሉ በሙሉ ዙር፤ ወደ ጓደኞችህ እያየህ ወደ ኋላ መራቅ የለም። ቀጥሎ ከአድማስ ላይ አንድ ምልክት ያዝና ከእርሱ አትውጣ። ከዚያ እግሮችህን ከጉልበትህ ቀጥ አድርግ፣ የእግር ጣቶችህን ወደ ኋላ ዘርጋ፤ ብዙ ሰው እግሩ የታጠፈ መሆኑን አያውቅም። ክንዶችህን ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንህ አምጣ፤ መዳፍህ ወደ ምድር ይይ። በመጨረሻ ትከሻህን ወደ ፊት ሰብስብ፣ ደረትህን ጎድጎድ አድርግ፣ ወገብህን በጥቂቱ እጠፍ። ሰውነትህ አየር የሚደግፈው ክንፍ ይሆናል። ይህን ያጠራ ሰው አንድ ሜትር ሲወርድ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ወደ ጎን ይጓዛል ይባላል።

ሁለት ነገር ጨመረልን። አንደኛ፣ ብቻውን ትራኪንግ የሚለማመድ ሰው አውሮፕላኑ በሚበርበት መስመር ርዝመት አይሄድም፤ መስመሩን ወደ ጎን ለቆ ይወጣል። ያለዚያ ከእርሱ በፊት ወይም በኋላ የዘለሉት ሰዎች ካሉበት ይገባል። ሁለተኛ፣ ከመክፈቱ በፊት እጆቹን ከራሱ በላይ ያወዛውዛል፤ በአካባቢው ያለ ሁሉ «ልከፍት ነው» ማለቱን እንዲያይ። ፓራሹቱ ሲከፈትም ወዲያው ዙሪያውን ቃኝቶ ጓደኞቹ የት እንዳሉ ያያል። የሚያርፉት አንድ ሜዳ ላይ ነውና።

መልእክቱን ሁለቴ ሰማነው። ከዚያ ዘፍጥረት 13ን ከፈትን። የአብራምና የሎጥ እረኞች ተጣልተው ነበር፤ ምድሪቱ ለሁለቱ መንጋ አልበቃችም። አብራም ጠቡ ከእረኞቹ ወደ እነርሱ እስኪደርስ አልጠበቀም። ታላቅ ሆኖ ሳለ የመምረጡን ዕድል ለታናሹ ሰጠ። ምዕራፍ 14 ላይ ደግሞ ሎጥ በተማረከ ጊዜ ሰዎቹን ይዞ በሌሊት የደረሰለት ይኸው የተለየው አብራም ነው። ርቀታቸው ዝምድናቸውን አላጠፋውም። በሐዋርያት ሥራ 15 ግን ጳውሎስና በርናባስ የተለያዩት ከብርቱ ክርክር በኋላ ነው። ወንጌሉ በሁለት አቅጣጫ ሄደ፤ ነገር ግን መለያየታቸው ሕመም እንደነበረው ቃሉ አይደብቅም።

እኛም እንዲህ ተስማማን። የምንለይበትን ቀን አሁኑኑ፣ ፍቅራችን ሳይላላ እንቆርጣለን፤ ዘላዮች እጅ የሚለቁበትን ከፍታ የሚወስኑት ገና ምድር ላይ ሳሉ ነውና። ተቆጥቶ ወይም ተቻኩሎ የሚወጣ አይኖርም፤ ቁጣ ጭንቅላትን ደፍቶ እንደ መውረድ ነው፤ ያራቀ ይመስላል እንጂ ከፍታ ይጨርሳል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን አቅጣጫ ይይዛል፤ የሌላውን ቤት ሰው ወደ ራሱ አይጠራም። አዲስ ነገር የሚጀምር ቤት ለሌሎቹ አስቀድሞ ይናገራል። በወር አንድ እሑድ ደግሞ ሦስታችንም አንድ ግቢ እንገናኛለን፤ መዝሙሩ በሦስቱም ቋንቋ ይሆናል።

ያልተፈታ ነገርም አለን። ከእናቶቻችን አንዷ የተወለዱት ከአኙዋክ ነው፤ ያገቡት ኑዌር ነው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በሁለቱም ቋንቋ ነው። «እኔን የት ታደርጉኛላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። በሰማይ ላይ እያንዳንዱ ዘላይ አንድ አቅጣጫ ይበቃዋል፤ የእርሳቸው ልብ ግን ሁለት ቦታ ነው። ወንድማችን የላከው ትምህርት ለዚህ መልስ የለውም። እርሳቸውን ወደ አንድ ቤት መመደብ ትተን፣ አንድ ሳምንት ወደዚህ፣ አንድ ሳምንት ወደዚያ እንዲሄዱ፣ ከሁለቱም ቤት አንድ አንድ ወጣት ተራ ገብቶ እንዲያደርሳቸው አደረግን። ምናልባት ሦስቱን ቤቶች አንድ አድርጎ የሚያቆየው ከወርኃዊው እሑድ ይልቅ የእርሳቸው መንገድ ይሆናል።

ወዳጆች ሆይ፣ እናንተም ከቤተ ሰብ፣ ከማኅበር፣ ከአገልግሎት ጓደኛ ለመለየት የተቃረባችሁ ትኖሩ ይሆናል። መለያየት ሁሉ መከፋፈል አይደለም፤ አብሮ መሆንም ሁሉ ፍቅር አይደለም። ከፍታው ሳያልቅ ተነጋገሩ። ስትዞሩ በቅንነት ዙሩ። ፓራሹታችሁ ሲከፈት ደግሞ የተለያችሁት ወንድም ወይም እህት በደኅና መክፈቱን ለማየት ዞር በሉ።

ጌታ ሆይ፣ ስንያያዝም ስንለቅም በእጅህ ጠብቀን። አሜን።