ከሻምፒዮንሺፑ ደብተር

(ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)

1. የእንግሊዝ ሁለተኛ ሊግ ሙሉ ስሙ «ስካይ ቤት ሻምፒዮንሺፕ» ነው። ስካይ ቤት አወራራጅ ድርጅት ነው። ተጫዋቹ በእግር ኳስ ሲወራረድ ከተገኘ ይቀጣል። የክለቡ ባለቤት ግን በየዓመቱ «ዘንድሮ እናድጋለን» ብሎ ገንዘቡን ያፈሳል።

2. በ2018-19 የሊጉ ክለቦች 100 ፓውንድ ባስገቡ ቁጥር 107 ፓውንድ ለደመወዝ ከፈሉ። መብራት፣ አውቶቡስና ሣር ማጨጃ እዚህ ውስጥ የሉም። ሱቅ እንዲህ ቢነግድ ሽማግሌ ይላክበት ነበር።

3. ሊጉ በሦስት ዓመት እስከ 39 ሚሊዮን ፓውንድ መክሰርን ይፈቅዳል። በርሚንግሃም ሲቲ በሦስት ዓመት 48.8 ሚሊዮን ከሰረና በ2019 ዘጠኝ ነጥብ ተቀነሰበት። የሚፈቅደውና የሚቀጣው ደንብ አንድ ነው፤ ስሙም «የትርፋማነትና የዘላቂነት ደንብ» ይባላል።

4. ደርቢ ካውንቲ በ2018 ስታዲየሙን በ81 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። የገዛው የክለቡ ባለቤት የሜል ሞሪስ ኩባንያ ነው። ቡድኑ ሜዳ አልቀየረም። የዓመቱ ሒሳብ ግን በ14.6 ሚሊዮን ትርፍ ተዘጋ።

5. አስቶን ቪላም በ2019 ቪላ ፓርክን ለባለቤቶቹ ኩባንያ ሸጠ። በዚያው ዓመት ግንቦት ሁለቱ ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለማደግ በዌምብሌይ ተገናኙ። ቪላ 2 ለ 1 አሸነፈ። በ2024 ቪላ ቻምፒየንስ ሊግ ገባ። ደርቢ በ2021 በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ፤ 21 ነጥብ ተቀንሶበት ወደ ሦስተኛው ሊግ ወረደ።

6. በነሐሴ 2020 የሦስተኛውና የአራተኛው ሊግ ክለቦች የደመወዝ ጣሪያ አጸደቁ። ሁለተኛው ሊግ ተወያየበት፤ አላጸደቀውም። የታችኞቹ ጣሪያም በየካቲት 2021 በተጫዋቾች ማኅበር አቤቱታ ተሻረ።

7. ደጋፊው በጥር፦ «ባለቤቱ ኪሱን ይፍታ!»
ያው ደጋፊ በግንቦት፦ «ክለባችንን ዕዳ ውስጥ ዘፈቀው!»

8. በ2025 ሼፊልድ ዌንስዴይ ደመወዝ በጊዜ መክፈል አቃተው። በጥቅምት በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ 12 ነጥብም ተቀነሰበት። ነጥቡን የመመለሱ ሥራ ደመወዛቸው ለዘገየባቸው ተጫዋቾች ተረፈ። ባለቤቱን አኩርፈው ከክለቡ ሱቅ አንገዛም ያሉ ደጋፊዎች ዜናው ሲሰማ ለመግዛት ተሰለፉ።

9. ኪው ፒ አር በ2014 ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። በ2015 ወረደ። ባደገበት ዓመት ባወጣው ወጪ የተመሠረተበት ክስ በ2018 ወደ 42 ሚሊዮን ፓውንድ በሚሆን ስምምነት ተዘጋ። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ፣ ባለቤቶቹ ለራሳቸው ክለብ ያበደሩት ገንዘብ ወደ አክሲዮን የተለወጠበት ነው።

ኪው ፒ አርን ያሳደገችው ጎል በ90ኛው ደቂቃ የገባች ናት። የተሸነፈው ቡድን ደርቢ ካውንቲ ነበር።