ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማን ይነሳል?

አራስ ልንጠይቅ ስንገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። እስቲ ቃሉን ልብ ይበሉት። በቅድሚያ የምናነሳው ሕፃኑን ሳይሆን የእናቲቱን መትረፍ ነው። አያቶቻችን ወሊድ ከሞት ጋር ምን ያህል እንደሚጎራበት ያውቁ ነበር።

እርግጥ ብዙ ተለውጧል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከመቶ ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ጥናት 48 ደረሱ። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

እኔ የምኖረው ሐዋሳ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም አዳሬም እዚሁ ስላሉ «የከተማ ሴት ምን ቸገራት?» የሚሉኝ አሉ። የገጠሯ ችግር ይታወቃል፤ ርቀቱ፣ ጭቃው፣ ቃሬዛው። ለእሷ የእናቶች ማቆያ ታስቦላታል። ቀኗ ሲቃረብ ጤና ጣቢያው ግቢ ገብታ ምጧን እዚያው ትጠብቃለች። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን አልጋ ብቻውን ሴት አያመጣም። ገንፎ የሚገነፋበት ምድጃ፣ ቡና የሚያፈላ ሰው፣ ዱቄትና ቅቤ የሚያዋጣ ጎረቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤት የቀሩትን ልጆች የሚያይላት ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ ከተማዋ እንምጣ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች አንዲት ጠባብ ክፍል ለሁለት ለሦስት ተከራይተው ይኖራሉ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን እረፍት ይሰጣል። እረፍቱ ግን እናት አይሆናትም። በሰፈሬ የማየው ይህ ነው፦ ቀኗ ሲደርስ የሚያርሳት ፍለጋ ወደ እናቷ ቀዬ ትሄዳለች። ሆስፒታሉን ጥላ፣ ከሆስፒታል ወደራቀው ቤት! ማን ይፈርድባታል? ማቆያ ለገጠር ብቻ ነው ያለው ማን ነው? እኔ እንደማስበው ዘመድ የሌላት ተከራይ ከማንም በላይ ትፈልገዋለች።

መዘግየት የሚያስከፍለውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሐዋሳ በስተደቡብ ይርጋለም ውስጥ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ። እዚያ የሚታከሙት አብዛኞቹ ምጥ ተጠናቶባቸው በጊዜ እርዳታ ያላገኙ ሴቶች ናቸው። ሽንታቸውን መቆጣጠር ተስኗቸው፣ ብዙዎቹም ልጃቸውን አጥተው የመጡ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ደግሞ ጭራሽ ቀጠሮ አይሰጥም፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ስለዚህ በቤትዎ፣ በግቢዎ ነፍሰ ጡር ካለች ዛሬውኑ ይጠይቁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማን ይነሳል? የየትኛው ባጃጅ ሹፌር ስልክ ተይዟል? የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑን ባሏ ያውቃል? እሱ ሌሊት ተረኛ ቢሆን «እንሂድ» ብሎ የሚወስን ማን ነው? አማቷ «ትንሽ እንጠብቅ» ቢሉስ?

ባለፈው ወር ይህንኑ በሴቶች እድራችን ላይ አነሳሁት። ድንኳንና ወንበር አለን፣ ለቀብር በአንድ ሰዓት ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ለምጥስ? ገንዘብ ያዣችን «እድር ለሐዘን ነው» ብለው ተቆጡ። ከጎኔ የተቀመጡ እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ሐዘኑ ሳይመጣ ብንደርስላትስ?» አሉ። የሁለት ባጃጅ ሹፌሮች ስልክ መዝገቡ ላይ ሰፍሯል። ለትራንስፖርት የሚወጣው ገንዘብ ግን ለመጪው ወር ስብሰባ አድሯል።